ስለ ነዳጅ ፍለጋ የሚወጡ የከተማ ደንቦችና የአማርኛ ስያሜዎቻቸው

የሙያ ቃላትን ትርጉም ስንመዝን ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው፣ ቃሉ ከግዕዝ መጣ ወይስ ከባዕድ ተወሰደ የሚለውን ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም ስያሜውን ያነበበ ሰው ምን ይረዳል የሚለው ነው። ጥያቄው ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ፍለጋን የሚመለከተው የሕግ ቋንቋ ነው። በቴክሳስና በኮሎራዶ ከተሞች በፍለጋው ላይ ያላቸው ሥልጣን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በዳላስና በዴንቨር ዙሪያ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሚኖሩ ጉዳዩ የተርጓሚዎቻችንም ጉዳይ ነው።

አስቀድመን «ሳይስሚክ» የሚለውን ቅጽል እንመልከት። ተርጓሚው ይህን ቃል ባገኘ ጊዜ እጁን የሚዘረጋው ወደ «የመሬት መንቀጥቀጥ»፣ ከበድ ያለ አነጋገር ከወደደም ወደ «ርዕደ መሬት» ነው። «ቴስት» የሚለውን ደግሞ «ሙከራ» ይለዋል። ሁለቱ ሲጋጠሙ «የመሬት መንቀጥቀጥ ሙከራ» የሚል ሐረግ ይወለዳል። «የኑክሌር ሙከራ» የሚለውን አነጋገር የለመደ አንባቢ፣ አንድ ኩባንያ በሰፈሩ መሬት ሊያንቀጠቅጥ የተነሣ መስሎ ቢሰማው አይፈረድበትም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀዬአቸው ካስለቀቀ ወዲህ፣ ይህ ሐረግ የሚያሳድረው ድንጋጤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሥራው ግን ሌላ ነው። ከባድ ተሽከርካሪዎች ከሆዳቸው ሥር ያለውን ሰሌዳ መሬት ላይ ተጭነው ለጥቂት ሴኮንዶች ያነዝራሉ፤ ተሽከርካሪ በማይገባበት ሥፍራ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፈንጂ ይፈነዳል። ንዝረቱ ወደ ታች ወርዶ ከድንጋይ ንጣፎች ነጥሮ ሲመለስ ጂኦፎን የተባሉ መቀበያዎች ይመዘግቡታል፤ ከዚህም የንጣፎቹ አቀማመጥ ይነደፋል። እንግዲህ የሚደመጥ ነገር አለ እንጂ የሚሞከር ነገር የለም። ስለዚህ «ዳሰሳ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከ«ሙከራ» እጅግ ይሻላል፤ በዓይን የማይታየውን በእጅ ነካ ነካ አድርጎ ማወቅ ማለት ነውና ለሥራው የተፈጠረ ይመስላል። «ንዝረት» ብቻውን «ኤሌክትሪክ ነዘረኝ» የሚለውን ስለሚያስታውስ፣ «የምድር ንዝረት ዳሰሳ» ብንል ደግ ነው እንላለን።

«ሳይስሚክን እንዳለ እንውሰደው» የሚሉ አሉ። እኛ የማንስማማው ቃሉ ባዕድ ስለ ሆነ አይደለም፤ ባዕዱ ቃል ራሱ ሁለት ነገር ስለሚያዳብል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቴክሳስ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን የፍሳሽ መቅበሪያ ጉድጓዶችን በሚመለከት ባሻሻለው ደንብ ውስጥ ቃሉ የሚናገረው ስለ እውነተኛ መንቀጥቀጥ ነው። (ይህ ኮሚሽን፣ ስሙ እንዳያሳስት፣ የሚቆጣጠረው ነዳጅና ጋዝን እንጂ ባቡርን አይደለም።) እ.ኤ.አ. በ2016 በኦክላሆማ፣ በፖኒ ከተማ አቅራቢያ የደረሰው በመጠኑ 5.8 የሆነ መንቀጥቀጥም ከፍሳሽ መቅበር ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቅጽል የጠቀለለውን አማርኛችን ሊፈታው ይችላል፤ ለዚህኛው «ርዕደ መሬት»፣ ለፍለጋው «የምድር ንዝረት ዳሰሳ»።

ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነው ግን ማን ያዛል የሚለውን የሚገልጹት ቃላት ናቸው። «የአካባቢ መንግሥት» የሚለው ትርጉም በሁለት በኩል ያናጋል። «አካባቢ» ዛሬ «የአካባቢ ጥበቃ» ከሚለው ጋር ስለ ተቆራኘ፣ «የአካባቢ ደንብ» ሲባል የሰፈሩ ሕግ ይሁን የአየሩና የውሃው ሕግ አይለይም። «መንግሥት» ደግሞ በአማርኛ የልዕልና ቃል ነው፤ ከተማ የሌላትን ሥልጣን ያጎናጽፋታል። የዴንተን ከተማ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ነዋሪዎቿ ዐለትን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዝ ማውጣትን በድምፅ ብልጫ ከለከሉ፤ በግንቦት 2015 የቴክሳስ ግዛት ሕግ የከተሞችን ሥልጣን ቆረጠው፤ በሰኔ የከተማው ምክር ቤት እገዳውን ራሱ ሻረው። የበታችነት የነገሩ እምብርት በሆነበት ጽሑፍ «መንግሥት» ማለት ዋናውን ፍሬ ነገር መሰወር ነው። «የከተማ አስተዳደር» ይበቃል፤ የሚያወጣውም «አዋጅ» ሳይሆን «የከተማ ምክር ቤት ደንብ» ነው። የላይኛው ሕግ የታችኛውን የሚሽርበትን ሥርዓት «ቅድሚያ» ብሎ መተርጐምም አያስፈልግም፤ የነጋሪት ጋዜጣችን «ተፈጻሚነት አይኖረውም» የሚል የጠራ አነጋገር አስለምዶናል።

ይኸው የ2015 ሕግ ነዳጅ ፍለጋን ጭምር ሲያቅፍ፣ ለከተሞች የተወላቸው በመሬት ገጽና ከገጹ በላይ የሚሠራውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ትራፊክ፣ ድምፅ፣ መብራት፣ ማስታወቂያ፣ ተገቢ ርቀትና የመሳሰለው ሲሆን፣ ደንቡም ሥራውን በተግባር የሚከለክል መሆን የለበትም። የሚያነዝረው ተሽከርካሪ የቆመው በመሬት ገጽ ላይ ነው፤ ንዝረቱ ግን ወደ ሥር ይወርዳል። ስለዚህ ተርጓሚው «በመሬት ላይ» ብሎ ቢተው አንባቢው ወሰኑን አያየውም፤ «በመሬት ገጽና ከገጹ በላይ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ግዴታው ነው።

«ፈቃድ» የሚለው ቃልም ሌላ ወጥመድ ነው። ከተማው በመንገዱ ለመሥራት የሚሰጠውም፣ ባለመሬቱ ወደ ግቢው ለማስገባት የሚሰጠውም በአማርኛ «ፈቃድ» ነው። «ፈቃድ ተገኝቷል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ባለቤት፣ ከእርሱ የሚጠየቅ ምንም እንደ ሌለ ሊገምት ይችላል። የመጀመሪያውን «የሥራ ፈቃድ»፣ ሁለተኛውን «የባለመሬት ስምምነት» ብሎ መለየት እምቢ ሊል የሚችለውን ሰው መብቱን ማሳወቅ ነው።

በመጨረሻ ስለ መለኪያው ጥቂት እንበል። ቤት እንዳይሰነጠቅ የሚወሰነው ጣሪያ በኢንች በሴኮንድ ይነገራል፤ የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ማዕድን ፍንዳታ ባወጣው ጥናት፣ ድግግሞሹ ዝቅ ላለ ንዝረት በጂፕሰም ሰሌዳ ለተሠሩ ቤቶች 0.75፣ በልስን ለተሠሩት 0.50 ብሏል። ይህን «ከፍተኛ የቅንጣት ፍጥነት» ብሎ ቃል በቃል የተረጐመ ሰው፣ አንባቢውን ስለሚፈናጠር ጠጠር እንዲያስብ ያደርገዋል። «የመሬቱ የንዝረት ፍጥነት ጣሪያ» ቢባል፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው የትኛውን ቁጥር መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።