የወታደሩ ፎቶግራፍ ምን ያህል ይመሰክራል?

በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረሩት የኢጣልያ ወታደሮች ብዙዎቹ ከጠመንጃቸው ጋር የግል ካሜራ ይዘው ነበር። ሉቼ የተባለው የመንግሥታቸው ድርጅት ያወጣው ሥዕል ለፕሮፓጋንዳ ተመርጦ የቀረበ ነው፤ ወታደሩ ለመታሰቢያ ብሎ ያስቀረው ግን የተሰቀለውን ሰው ሳይቀር ያሳያል። በዚህም ምክንያት ሥዕሉ ባነሣው ሰው ላይ ይመሰክራል።

ነገር ግን ምስክርነቱ ሙሉ አይደለም። ከአውሮፕላን ስለ ተጣለው የመርዝ ጋዝ አልበሞቹ ዝም ቢሉ፣ አልተደረገም ማለት አይቻልም፤ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በ1988 ዓ.ም. አምኖአል። ደግሞም ከሥዕሉ ጀርባ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የቦታው ስምና ቀኑ ነው እንጂ የሟቹ ስም አይደለም።

ስለዚህ ጠላት እስከ የካቲት 1933 ዓ.ም. በሰፈረበት በዳንግላ የተነሣ ሥዕል ቢገኝ፣ በቤተ መጻሕፍት ከመቀመጡ በፊት ከአባቶቻቸው ለሰሙ ሽማግሌዎች ሊታይ ይገባዋል። ቦታውንና የሰውየውን ዘር ለይተው ሊናገሩ የሚችሉ እነርሱ ናቸው።