የገጽ ራስጌና የቅኔ ባለቤት

ስለ ግርጌ ማስታወሻ ለተማሪዎቻችን በሰፊው እናስተምራለን። ስለ ገጽ ራስጌ ግን በትምህርት ክፍላችን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም አንሥቼ አላውቅም ነበር። ራስጌ የምለው ከጽሑፉ በላይ፣ በገጹ አናት ላይ፣ የመጽሐፉን ወይም የምዕራፉን ርእስ አለዚያም የደራሲውን ስም ይዞ ከገጽ ወደ ገጽ የሚሄደውን አጭር መስመር ነው። ነገሩ የአታሚ እንጂ የሐያሲ ጉዳይ አይመስልም። ከዚህ አስተሳሰብ ያወጣኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በፈታኝነት የተቀመጥሁበት አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

ተማሪው የአንድ የጎጃም ቅኔ መምህርን ስልት ተንትኗል። ሰሙን ከወርቁ ለይቷል፤ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ቅኔዎቹን በየዓይነታቸው መድቧል፤ መምህሩ ምሳሌያቸውን ከተፈጥሮ ይልቅ ከመጻሕፍት ታሪክ ማምጣት እንደሚወዱ አሳይቷል። ጥሩ ሥራ ነበር። ችግሩ ከተተነተኑት ቅኔዎች የሚበዙት የእኚያ መምህር አለመሆናቸው ነው። ተማሪው የሠራው ለማስተማሪያ ከተዘጋጀ አንድ የቅኔ መድበል ላይ በፎቶ ኮፒ በተባዙ ገጾች ነበር። በመድበሉ ውስጥ የሁለተኛው መምህር ክፍል ሲጀምር ራስጌው አልተለወጠም፤ የፊተኛው መምህር ስም ዐሥራ አራት ገጽ ተጉዟል። ትክክለኛው ስም ያለበት የክፍሉ መክፈቻ ደግሞ ከተባዙት ገጾች መካከል አልነበረም። የመድበሉን የእርማት ቅጂ ያነበብሁት እኔ ነበርሁ። ከራስጌው በታች ያለውን ፊደል ሁሉ ስለቅም ራስጌውን አላየሁትም።

እንደሚታወቀው በቅኔ ቤት «ቅኔ ዘረፈ» ማለት ነውር አይደለም፤ ቅኔ አፍልቆ አቀረበ ማለት ነው። እኛ ግን ቃሉን ወደ ገበያ ፍቺው መለስነው። በቃል የሚተላለፈው የዋሸራ ወይም የጎንጅ ቅኔ እንኳ «የእገሌ ነው» ተብሎ ከነባለቤቱ ይነገራል። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ መጽሐፈ ቅኔያቸውን «ዝክረ ሊቃውንት» ማለታቸውም ስሙ ከቅኔው እንዳይለይ ከማሰብ የመጣ ይመስለኛል። በቃል ያልጠፋ ስም በኅትመት ጠፋ ማለት ነው።

ራስጌ ከፈረንጅ የተዋስነው ነገር አይደለም። በየወሩ የሚነበበውን ድርሳነ ሚካኤል በብራና የገለጠ ሰው በላይኛው ኅዳግ ላይ «ዘኅዳር»፣ «ዘታኅሣሥ» የሚል ጽሕፈት ሊያገኝ ይችላል፤ በሳምንቱ ቀናት በተከፈለው በአርጋኖን ደግሞ «ዘሰኑይ»፣ «ዘሠሉስ» የሚል። ጸሐፊው ይህን የሚያደርገው ለጌጥ አይደለም፤ አንባቢው ቆሞ በሚያነብበት ሰዓት ቦታውን እንዳይስት ነው። ብራናው ግን በእንጨት ገበታ ተደጉሶ ሙሉውን ይኖራል። የእኛ መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ ቤት በኩል ሲያልፍ ይበተናል። ሽፋኑም የውስጥ ርእሱም ቀርቶ የተማሪው እጅ የሚደርሰው ከገጽ 41 እስከ 60 ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ አገር ራስጌ የገጹ መታወቂያ ወረቀት ነው።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅም ይገባናል። በፔጅሜከር ዘመን ራስጌው በማስተር ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍና ያ ማስተር በተሰጣቸው ገጾች ሁሉ ላይ ይወጣል፤ ደራሲ ሲለወጥ ሌላ ማስተር ካልተሠራ የፊተኛው ስም ይቀጥላል። በወርድም ቢሆን ጽሑፉ በክፍል ካልተቆረጠ፣ ከተቆረጠም በኋላ አዲሱ ክፍል ከቀዳሚው ራስጌ ጋር ያለው ግንኙነት ካልተፈታ፣ ውጤቱ ያው ነው። መድኃኒቱ አለ። በወርድ ስታይልሬፍ የሚባለው ትእዛዝ፣ በኢንዲዛይንም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ተለዋዋጭ ጽሑፍ፣ ርእሱን ከገጹ ላይ ራሱ አንብቦ ወደ ራስጌው ያወጣዋል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ርእሱ የርእስ ስታይል ከተሰጠው ነው። ብዙዎቻችን ርእስ የምንሠራው ፊደሉን በእጅ አተልቀንና አወፍረን ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ያ ርእስ ሳይሆን ወፍራም ዐረፍተ ነገር ነው።

የፊደላችንም ጠባይ ሊታሰብበት ይገባል። ላቲኑ ራስጌውን በትንንሽ ዐቢይ ፊደላት ወይም በሰያፍ ይለያል። ግእዝ ዐቢይና ንኡስ ፊደል የለውም፤ በኮምፒውተር ያጋደሉት ፊደልም ሰያፍ ሳይሆን የተገፋ አጥር ይመስላል። መጠኑን እጅግ ካሳነሱት ደግሞ «ጨ» እና «ሟ» በፎቶ ኮፒ ላይ ውስጣቸው ይደፈናል። እኔ የምመርጠው ከጽሑፉ ጥቂት ያነሰ ቀጥ ያለ ፊደልና ከሥሩ አንድ ቀጭን መስመር ነው።

ምን ይጻፍበት ለሚለው ግን አንድ መልስ የለኝም። በመድበል ውስጥ በግራ ገጽ የባለቅኔው ስም፣ በቀኝ ገጽ የቅኔው ዓይነት ቢሆን እወዳለሁ። በልብ ወለድ ይለያል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሳስተምር ተማሪዎቼ የተለያየ ኅትመት ይዘው ይመጣሉ፤ የገጽ ቁጥር ብቻውን ሁልጊዜ አያገናኘንም። እንዲህ ላለ ረጅም መጽሐፍ ርእሱን በገጹ ሁሉ መድገም ትርፉ ትንሽ ነው፤ ጉዱ ካሣ የሚናገርበትን ቦታ ለመፈለግ የሚጠቅመኝ የምዕራፉ ቁጥር ነው።

ተማሪው ጽሑፉን እንዲያርም ጊዜ ተሰጠው። ሲመልሰው ሥራው የሁለት መምህራን ንጽጽር ሆኖ ነበር፤ ከመጻሕፍት ታሪክ ምሳሌ ማምጣት የሚወዱትም ሁለተኛው ሆነው ተገኙ። እኔም በትምህርት ክፍሉ ቅጂ ላይ ዐሥራ አራቱን ራስጌዎች እየሰረዝሁ የባለቤቱን ስም በእስክሪብቶ ጻፍሁ። በግቢው በር ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ግን ያልታረመው ቅጂ አሁንም ይባዛል።