መምህርትና መቅረጸ ድምፅ
ማሪያ ካላስ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 ኒው ዮርክ በሚገኘው የጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለወጣት ድምፃውያን የሰጠቻቸው ትምህርቶች በቴፕ ተቀርጸው ቀርተዋል። የሚሰማቸው ድምፃዊ ብዙውን ጊዜ የሚቸኩለው ካላስ ራሷ ወደምታዜምበት ቦታ ነው፤ በተለይም ከቬርዲ «ሪጎሌቶ» የባሪቶኑን ዜማ ለተማሪው የምታሳይበት ክፍል እጅግ ይማርካል። ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ተማሪው ሲሳሳት፣ መምህርቷ ስታቋርጠው፣ ያንኑ ሐረግ እንደገና ሲሞክር በሚሰማው ልዩነት ላይ። ሰው ሲዘፍን የገዛ ድምፁን በከፊል በአጥንቱ በኩል ስለሚሰማ ጆሮው ያታልለዋል፤ ቴፕ ግን አያባብልም። የራሱን ትምህርት ቀርጾ ከእርማቱ በፊትና በኋላ ያለውን የሚያነጻጽር በእርግጥ ይጠቀማል። ካላስን ብቻ እየቀዳ የሚያዜም ግን የድምፅዋን መንቀጥቀጥ ሳይቀር ይወርሳል፤ በእነዚያ ዓመታት ድምፅዋ ደክሞ ነበርና።