ከገድለ ላሊበላ ጥላ ሥር ያሉ የላስታ ድርሰቶች

ስለ ላስታ ነገሥታት የተጻፉት ገድሎች ከአንድ በላይ መሆናቸውን ብዙው ተማሪ የሚሰማው ኮሌጅ ከገባ በኋላ ነው። ገድለ ላሊበላን ሁሉም ያውቀዋል፤ ያላነበበውም ቢሆን ንቦቹን፥ መርዙንና በሌሊት እየወረዱ ድንጋይ የጠረቡትን መላእክት ከአያቱ ሰምቷል። ገድለ ይምርሐነ ክርስቶስና ገድለ ነአኵቶ ለአብ ግን የቅዱሳኑ በዓል በደረሰ ጊዜ፥ የፊተኛው ጥቅምት 19፥ የኋለኛው ኅዳር 3 ቀን፥ ይታወሳሉ እንጂ ከዚያ ውጭ አንሥቶ የሚያወራላቸው ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ሐተታ ልንመለከት ያሰብነው እነዚህን ሁለቱን ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መግለጽ ይገባናል። ጽሑፉን ለጓደኞቻችን ባነበብንላቸው ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ፥ «ገድል የሚሳለሙት መጽሐፍ ነው፤ እንደ ልቦለድ ልትተቹት ማን ፈቀደላችሁ?» ሲል ተቃወመን። ተቃውሞው ከልብ የመጣ ስለሆነ በቀላሉ አላለፍነውም። እኛም ገድል ልቦለድ ነው አላልንም። ልቦለድ ጸሐፊ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ይጽፋል፤ አንባቢውም ይህን አውቆ ይቀበለዋል። የገድል ጸሐፊ ግን የሚጽፈውን ያምናል፤ የሚጽፈውም ለሚያምኑ ሰዎች ነው። ይሁን እንጂ የሚታመንም ነገር ቢሆን የሚነገርበት ጥበብ አለው። ከብዙው ተአምር መካከል የትኛውን አስቀደመ፥ የትኛውን በአንድ ቃል አለፈው፥ የት ላይ ቆሞ አሰበ ብሎ መጠየቅ ሃይማኖትን መንካት አይደለም። የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲያርም እኮ የሚያርመው እምነቱን አይደለም።

በሌላው ወገን ደግሞ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስንሰጥ፥ ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን በ1892 ገድለ ላሊበላን ከትርጉም ጋራ በፓሪስ አሳተመ። ለሥራው የተገለገለበት የብራና መጽሐፍ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት አንዱ ሲሆን ዛሬም በለንደን ይገኛል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1943 ገድለ ነአኵቶ ለአብን፥ ፓኦሎ ማራሲኒ በ1995 ገድለ ይምርሐነ ክርስቶስን አወጡ፤ ትርጉማቸው በጣልያንኛ ነው። ስለዚህ ግዕዝ ያልተማረ የላስታ ልጅ የአገሩን መጽሐፍ በሊቃውንቱ እትም ለማንበብ ቢፈልግ አስቀድሞ የፈረንጅ ቋንቋ መማር ግድ ይሆንበታል። ለእነዚህ ሰዎች ድካም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ይህን የመሰለ ጥናት ገድሉን የሚያነበው እህል እንደሚያበጥር ሰው ነው፤ የንጉሥ ስም፥ የቦታ ስም፥ የዘር ሐረግ ሲያገኝ ያስቀራል፤ ተአምሩን ግን እንደ ገለባ ይበትነዋል። እኛ ደግሞ የተበተነውን ለመልቀም እንሞክራለን።

ገድሎቹ የአንድ ሰው ሥራ አይደሉም፤ ጸሐፊዎቻቸውም ስማቸውን አልተዉልንም። ነገር ግን አንድ አገርና አንድ ሥርወ መንግሥት የወለዷቸው ስለሆኑ የአንድ ባለ ብዙ መጽሐፍ ደራሲ ሥራዎች ያህል ይተዛዘናሉ። እንደዚህ ያለ ደራሲ አንዱ መጽሐፉ ገናና በሆነ ጊዜ ሌሎቹ የሚደርስባቸው ዕጣ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በድንቅ ዓለም ልቦለዱ የተመሰገነውን ያህል በትናንሽ ድርሰቶቹ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ይኸው ሰው በ1939 በስኮትላንድ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር ለያዝነው ነገር የሚረዳ አሳብ አቅርቧል። ደራሲ የራሱ ሕግ ያለው ዓለም ይፈጥራል፤ በዚያ ዓለም የሚሆነው ሁሉ ለሕጉ ከታመነ አንባቢው በውስጡ ሳለ ያምነዋል፤ ሕጉ ከፈረሰ ግን እምነቱም አብሮ ይፈርሳል የሚል ነው። እንግዲህ የየገድሉ ሕግ ምንድን ነው?

በገድለ ላሊበላ ሕጉ ድንጋይ ነው። ጸሐፊው የሚተርከው ተአምር ሁሉ በመጨረሻ ሄዶ የሚያርፈው በሚዳሰስ ነገር ላይ ነው። ላሊበላ ወደ ሰማይ ተነጥቆ ዐሥር አብያተ ክርስቲያናት ተመለከተ፤ ወርዶም እንዳየው አድርጎ ሠራ። ያላመነ ሰው ቢኖር መጥቶ በዓይኑ ይመልከት ለማለት የሚችል የገድል ጸሐፊ ከዚህ በቀር ብዙ አናውቅም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ባለው ጊዜ አገራችን ሳለ ሕንጻዎቹን አይቶ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። እርሱም አንባቢው እንዳያምነው ፈርቶ እስከ መማል ደርሷል። እንዲህ ያለ ምስክር ያለው መጽሐፍ ባልንጀሮቹን ቢሸፍን አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ይህ ብርታቱ ድካሙም ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ተሠርተው ያለቁት በሰማይ ስለሆነ ንጉሡ የሚያስበው፥ የሚጠራጠረው፥ የሚሳሳተው ነገር አይቀርለትም። ለእኛ ከሕንጻው ሁሉ ይልቅ የሚበልጥብን የመርዙ ታሪክ ነው። ዲያቆኑ ለላሊበላ የቀረበውን ጽዋ አስቀድሞ ቀምሶ ሞተ፤ ላሊበላም መርዝ መሆኑን ካወቀ በኋላ፥ ስለ እርሱ የሞተውን ሰው ትቶ በሕይወት መቅረቱ ከብዶት ጠጣው። በዚህ ስፍራ መላእክት የሉም፤ ያለው አንድ ሰው ነው።

ወደ ገድለ ይምርሐነ ክርስቶስ ስንመጣ ሌላ አየር እናገኛለን። ልጁ ይነግሣል የተባለውን ትንቢት አጎቱ ንጉሥ ጠንጠውድም ሰምቶ ሊገድለው ፈለገ፤ ልጁም ሸሸ። እስከዚህ ድረስ ያለው ከገድለ ላሊበላ እምብዛም አይለይም፤ ሥልጣን የያዘ ዘመድ የሚመጣውን ይፈራል፥ የተመረጠው ይሰደዳል። የሚለየው ንጉሡ ቄስ መሆኑ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ነግሦም ቅዳሴውን አልተወም። በቀደሰ ጊዜ ሁሉ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበር።

ይህን ተአምር ስናነብ መጀመሪያ ያስደነቀን ትንሽነቱ ነው። ተራራ አልተፈለጠም፤ ባሕር አልተከፈለም። አንድ ቁራሽ ኅብስትና ጥቂት ወይን ነው። ከዚህም በላይ ተአምሩ ምንም አያተርፍም፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ያልቃል፤ ነገም እንደ ገና መለመን አለበት። የላሊበላ ተአምር ስምንት መቶ ዓመት ቆሞ ይታያል፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ግን ከቅዳሴው በኋላ የለም። ጸሐፊው ይህን አውቆ እንዳደረገው እናምናለን፤ የዓለሙ ሕግ ይህ ነውና። ንጉሡ እንደ ድሀ የዕለት እንጀራውን ይጠብቃል።

የንጉሡ ክህነት የጸሐፊው ምናብ ብቻ እንዳልሆነ የውጭ ምስክር አለ። በ13ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ስለ ግብፅ ገዳማት በተጻፈው፥ በአቡ ሳሊሕ ወይም በአቡል መካሪም ስም በሚጠራው የዐረብኛ መጽሐፍ፥ የሐበሻ ነገሥታት ካህናት እንደ ሆኑና በመቅደስ ገብተው እንደሚቀድሱ ይነገራል፤ ነገር ግን በገዛ እጃቸው ሰው ከገደሉ ከዚያ ወዲያ መቀደስ አይችሉም ይላል። ይህን ይዘን ገድሉን ደግመን ስናነበው ትርጉሙ ተለወጠብን። የሸሸው ልጅ ዙፋኑን በሰይፍ ቢወስድ ኖሮ ንጉሥ ይሆን ነበር፤ ቄስ ግን አይሆንም። ስለዚህ በየምዕራፉ የሚወርደው ኅብስት ለእኛ ዕለት ዕለት የሚሰጥ ፍርድ ሆኖ ታየን፤ እጁ ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክር። ስለ መንግሥት በሥነ ጽሑፋችን ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ የሚጠልቅ አሳብ ያገኘነው ጥቂት ጊዜ ነው። አልቫሬዝም እስከ ቦታው ደርሶ፥ ይህ ንጉሥ ከሕዝቡ ግብር አይወስድም ነበር፥ ያመጣለትም ቢኖር ለድሆች ያካፍል ነበር የሚለውን ሰምቶ ጽፏል። ከሰማይ የሚመገብ ሰው ከገበሬው ጎተራ ምን ይፈልጋል? ተአምሩና ሕጉ አንድ ነገር ሆኑ ማለት ነው።

ሕንጻውም ከዚህ ጋራ ይስማማል። ከላሊበላ በሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በትልቅ ዋሻ ውስጥ፥ በእንጨትና በነጭ ኖራ በተለበጠ ድንጋይ ድርብርብ ሆኖ ቆሟል። ላሊበላ ከዓለት ላይ እየቀነሰ ሠራ፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ዓለቱን ሳይነካ ከሥሩ ተጠግቶ ሠራ። ከበስተኋላው በዋሻው ጨለማ የብዙ ሙታን ዐፅም፥ አንዳንዱም ቆዳው እንደ ደረቀ፥ ተደርድሮ ይታያል። አገር ጎብኚው ሁሉ ወደዚያ ተሻምቶ ሲያይ ቀና ብሎ የጣራውን ሥዕልና የእንጨት ሥራ ሳያይ ይመለሳል፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደናል።

ገድለ ነአኵቶ ለአብን በዚሁ ልክ ለማመስገን አልቻልንም። ነአኵቶ ለአብ የላሊበላ የወንድም ልጅ ሲሆን፥ በላሊበላና በንግሥት መስቀል ክብራ ቤት እንዳደገ ይነገራል። ሕማማተ ክርስቶስን ለማሰብ በግራና በቀኝ፥ በፊትና በኋላ ጦር ተክሎ በመካከሉ ይሰግድ ነበር፤ ሥዕሉም በዚህ ይታወቃል። አሳቡ ኃይለኛ ነው። በእጁ ያለውን የንጉሥ መሣሪያ በገዛ ሥጋው ላይ አዞረው ማለት ነውና፥ ሰው የገደለ ንጉሥ አይቀድስም ከሚለው ወግ ጋራ አያይዘን ብናየው ልብ ይነካል። ነገር ግን ይህ ገድል ካለው ላይ እያከለ ይሄዳል፤ አንዱን ሥቃይ ሌላ ሥቃይ፥ አንዱን ቃል ኪዳን ሌላ ቃል ኪዳን ይከተለዋል። ከብዙ ጻድቃን ገድል የምናውቀው ዓይነት ንግግር ሲደጋገም ይህ የላስታ ንጉሥ መሆኑን እስከ መርሳት ደረስን። ከመካከላችን አንዱ ግን በዚህ አይስማማም፤ መደጋገሙ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ የተጻፈ ነው፥ ቆሞ ለሚሰማ ሕዝብ አንድ ጊዜ መናገር አይበቃም ይላል። ክርክሩን አልጨረስነውም።

ድርሰቱ የሚነሣው ውሃው ላይ ሲደርስ ነው። ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው በነአኵቶ ለአብ ዋሻ፥ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናን ለጠበል ይወስዱታል፤ ንጉሡ ያለቀሰው ዕንባ ምሳሌ ነው ይሉታል። ላሊበላ ድንጋዩን ቀረጸው፤ ነአኵቶ ለአብ አስለቀሰው። እርሱ ራሱም ሞተ አይባልም፤ ተሰወረ ነው የሚባለው።

ከዚህ ጋራ በአገሩ ሰው አፍ የሚኖር አንድ ወግ አለ። ላሊበላ መንግሥቱን በሕይወቱ ሳለ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀለት። ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንደ ቆየ ወታደሮቹ የአንድ ድሀ ገበሬ ብቸኛ ላም ወሰዱ። መስቀል ክብራም ይህን ሰምታ ባሏን ዙፋኑን መልሶ እንዲይዝ መከረችው፤ እርሱም ያዘው። ታደሰ ታምራት፥ የዘመኑን ታሪክ ሲመረምሩ፥ ይህ ወግ ነገሩ በሰላም እንዳልተፈጸመ የሚሸፍን ሊሆን እንደሚችል ጠርጥረዋል። ጥርጣሬያቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተራኪው ጦርነትን ለመሸፈን ቢፈልግ ሕልም፥ መልአክ፥ ወይም የመነኩሴ ምክር ሊያመጣ ይችል ነበር፤ እነዚህ ሁሉ በገድሎቹ ሞልተዋል። እርሱ ግን ላም አመጣ። በላስታ ቁልቁለት ገብስ ዘርቶ ለሚያድር ሰው አንዲት ላም ምን እንደ ሆነች የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የመረጠው። ቀደም ብለን ግብር የማይወስደውን ንጉሥ አይተናል፤ እዚህ ደግሞ የወሰደው ንጉሥ ዙፋኑን ያጣል። ሁለቱ ወጎች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስለናል።

እነዚህ ገድሎች ተጽፈው የምናገኛቸው ከ15ኛው ምእት ዓመት ወዲህ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1270 መንግሥቱን ከያዘ ረጅም ዘመን አልፏል፤ ክብረ ነገሥትም በመጨረሻ ገጹ የዛጔ ነገሥታት ከእስራኤል ወገን አለመሆናቸውን አስታውቋል። በዘር ሐረግ ክርክር የላስታ ሰው ተረትቷል። ጸሐፊዎቹ ግን ያንን ክርክር ትተው ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ንጉሥ የማን ልጅ ነው ሳይሆን ንጉሥ ምን ይበላል፥ ከማን ይወስዳል፥ እጁ ምን ነክቷል አሉ። በታሪክ ሰውየው ላሊበላ በ1225 ለሐም ደብረ ሊባኖስ መሬት የሰጠበት ጽሑፍ በዚያው ደብር ወንጌል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በዚያ ላይ መሬት የሚሰጥ፥ የሚያዝዝ፥ እንደ ሌሎቹ ነገሥታት ያለ ንጉሥ ነው። በገድሎቹ ያለውን ንጉሥ ከዚያ ጽሑፍ ልናገኘው አንችልም።

ስለ መስቀል ክብራ የተጻፈው ገድል ይቀረናል። ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት አሠራች የምትባለው ንግሥት፥ በላሟ ነገር የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው እርስዋ ስለሆነች፥ ከላይ ባሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ልናልፋት አልፈለግንም፤ ለብቻዋ እንመለስባታለን።