ቅፍለት በኋለኛው ይለካል

ከጅዳ ተነስቶ፣ መካ ላይ ዑምራ አድርጎ፣ መዲናን ዘይሮ ወደ ጅዳ የሚመለስ መኪና 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ከጅዳ መካ 80፣ ከመካ መዲና 450፣ ከመዲና ጅዳ ደግሞ 420 ያህል ነው። አስፋልቱ ሰፊ ነው፤ ማደያና መስጊድም በየርቀቱ አይጠፋም። ቶሎ መድረስ ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የሐረመይን ባቡር አለ፤ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ይሁን እንጂ እናቱ ከአገር ቤት የመጡለት፣ ሕፃን የታቀፈ፣ ሻንጣና ስንቅ የያዘ ቤተሰብ ከዘመድ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ መሄድ ይወዳል። እኔ ጅዳ ውስጥ መካኒክ ነኝ። አራት አምስት መኪና ሆነው ለሚወጡ ወገኖቼ መኪናውንም ሰውንም ለመንገድ አዘጋጃለሁ፤ አብሬያቸውም እነዳለሁ።

ይህ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ቅፍለት የሚሰናከለው በደካማው በኩል ነው፤ ደካማው ደግሞ አይናገርም። ያረጀ ጎማ እስኪፈነዳ ድረስ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የደከማቸው እናት ሰው ላለማስቸገር ጥማቸውን ውጠው ይቀመጣሉ። እንቅልፍ የተጫነው ሹፌር ከጓደኞቹ ላለማነስ ዓይኑን እያሸ ይነዳል። ስለዚህ ዝግጅት ማለት ለእኔ የማይናገረውን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከጎማ እጀምራለሁ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ተጽፏል። 2322 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ጥርሱ ላይ ነው፤ ጎማ ግን ጥርሱ ሳያልቅም ያረጃል። ጅዳ ፀሐይ ላይ ቆሞ የከረመ መኪና ጎማው አዲስ ይመስላል፤ ጎኑን በአውራ ጣት ስጫነው ግን ቀጫጭን ስንጥቆች ይከፈታሉ። እንዲህ ያለውን ጎማ ረጅም መንገድ አላስወጣም፤ አምስት ዓመት ያለፈውንም እንዲሁ። ቀጥሎ ሙቀት የመቋቋም ደረጃውን የሚያሳየውን ፊደል አያለሁ። ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ተብሎ ይጻፋል፤ ለዚህ አገር ኤ ይመረጣል።

ንፋሱን የምለካው በማለዳ፣ መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ነው። ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። «በሙቀት ስለሚነፋ ትንሽ ይተንፍስ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጎማን የሚጎዳው ግን ይኸው ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ከውስጥ ያግለዋል። ከታች አስፋልቱ ይፋጃል፤ ከላይ ሰባት ሰው ከነሻንጣው ተጭኗል። ስኮርታውንም እንደ አራቱ ጎማዎች እለካለሁ። ክሪኩንም አስወጥቼ ባለመኪናው በገዛ እጁ መኪናውን እንዲያነሳበት አደርጋለሁ፤ ሌሊት መንገድ ዳር ቆሞ ክሪክ መማር አይቻልምና።

ኩላንቱን፣ ቺንጋውን፣ ባትሪውንና የፍሬን ሸራውን ካየሁ በኋላ ኤሲውን የምፈትሸው ጋቢና ሆኜ አይደለም። በቀትር መጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ፊት ያለው ሹፌር ሲበርደው ኋላ የተቀመጠው በላብ ሊጠመቅ ይችላል። እናትና ሕፃን የሚቀመጡበትን ቦታ ያልቀመሰ ሰው ኤሲው ይሠራል ብሎ መመስከር የለበትም።

ከመኪናው ይልቅ ሰውን ማዘጋጀት ይከብዳል። ከደሴ የሚመጡ እናት ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወርደው ነው የጅዳን ወበቅ የሚያገኙት። እንደመጡ በማግሥቱ መንገድ ማስወጣት ተገቢ አይደለም። ልጃቸው በሌለበት ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ፦ «እናቴ፣ ግፊት አለብዎት? ስኳርስ? የሚወስዱት መድኃኒት የቱ ነው?» ልጃቸው ፊት «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» ከማለት ሌላ አይመልሱም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ መድኃኒቱ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይያዛል፤ በቆመ መኪና ውስጥ አይተውም።

አዛውንቶች መንገድ ላይ ውሃ የማይጠጡት ስላልጠማቸው አይደለም። ሽንት ቤት ፍለጋ መኪናውን ሁሉ ላለማስቆም ነው። ለዚህ መፍትሔው «ጠጡ» እያሉ መለመን ሳይሆን ማንም ሳይጠይቅ መቆም ነው። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ የምንቆምባቸውን ማደያዎች ከመነሳታችን በፊት ለሁሉም እናገራለሁ። መኪናው ለማንኛውም እንደሚቆም ያወቁ እናት ሳይሳቀቁ ይጠጣሉ። ስንቁ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተምርና በሶ ነው። ለምለም የሚባለውን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም (ኦ.አር.ኤስ.) በየመኪናው አስቀምጣለሁ።

ወረቀቱንም ከዚሁ ለይቼ አላየውም። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ሩኽሳ (መንጃ ፈቃድ)፣ ኢስቲማራ (የመኪናው መታወቂያ)፣ ኢንሹራንስና ፈህስ (የመኪና ምርመራ) ቀናቸው ያላለፈ መሆኑን አያለሁ። በሐጅ ሰሞን ፈቃድ የሌለውን ሰው ይዞ መካ ለመግባት መሞከር የሰውን ነፍስ አደጋ ላይ መጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሳዑዲ መንግሥት እንዳስታወቀው 83 በመቶዎቹ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ፀሐይ ላይ ያለ መጠለያ ረጅም መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ። በመዲናው የነቢዩ መስጊድ ውስጥ ያለችውን ረውዷ ለመግባትም በኑሱክ መተግበሪያ የሚያዝ ሰዓት አለ። ያንን ሰዓት ለመድረስ ሲባል የሚሮጥ መኪና አልወድም፤ ቀጠሮው ነገ ከሆነ ዛሬ ማታ መዲና ገብተን እናድራለን።

መኪኖቹን ስናሰልፍ መንገዱን የሚያውቀው ፊት ይሆናል። ከእሱ ቀጥሎ ከሁሉ ዝግተኛው መኪና ይገባል፤ ፍጥነታችንን የሚወስነው እሱ ነው። መፍቻና ክሪክ የያዘው፣ እጁም የተፈታው ሰው መጨረሻ ላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ሹፌር የሚጠብቀው ከኋላው ያለውን ነው። በመስታወቱ ካጣው ያቀዘቅዛል፤ ያኔ የፊቱም አጥቶት ያቀዘቅዛል፤ እንዲህ እየተባለ መሪው ጋ ይደርሳል። መታጠፊያ ላይ ከኋላው ያለው ሳያየው የሚታጠፍ የለም።

ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። በጅዳ አሮጌው ከተማ ባብ መካ ከተባለው በር ይወጣ የነበረው የግመል ቅፍለት ፀሐይን ሸሽቶ በሌሊት ይጓዝ፣ ዛሬ በመስኮት አይተን በምናልፋት በባሕራም ያርፍ ነበር። የኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ከኩፋ እስከ መካ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው መንገድ ላይ ጉድጓድና የውሃ ማጠራቀሚያ አሠርታለች። ግመል ያለው ውሃውን ጭኖ ይሄዳል፤ የዙበይዳ ውሃ ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእግረኛው ነበር። በእኛም አገር ከምጽዋ በአድዋ በኩል ጎንደር ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ከጫነው አህያ ቀድሞ መግባት አይችልም ነበር፤ ነጋድራሱ መስፈሪያውን ሲመርጥም የመጨረሻው እንስሳ የሚደርስበትን ማሰብ ነበረበት።

በመነሻው ሌሊት ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን እየወሰድኩ እንቅልፋቸውን መጥገባቸውን እጠይቃለሁ። ሰው ፊት ከጠየቅኳቸው ይሉኝታ እውነቱን ያስውጣቸዋል። አንዱ አልተኛሁም ካለ ሁላችንም እንቆያለን፤ ማን እንዳስቆየን ለሌሎቹ አልናገርም። ከመነሳታችን በፊት በዚህ ካልተስማማ ቤተሰብ ጋር አልወጣም። ዑምራ የዛሬ ሌሊት ብቻ አይደለም፤ የጅዳ ነዋሪ ኢሕራም የሚያደርገው ከቤቱ ስለሆነ ነገም መነሳት ይችላል።

አሁን አሁን የሚመጡት ወጣቶች ጎበዝ ነጂዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሴቶች እንዲነዱ ከተፈቀደ ወዲህ እህቶቻችንም መሪ ጨብጠዋል። ሁሉም ፊት መሆን ይፈልጋሉ። እኔ ግን አዲስ ሹፌርን መጀመሪያ የማስቀምጠው ኋለኛው መኪና ላይ፣ ከጎኔ ነው። ማን እንደቀረ፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን ሳይናገር እንደደከመ የሚታየው ከዚያ ነው። ይህንን ከኋላ ሆኖ ያየ ሰው ፊት ሲሆን ለማን እንደሚነዳ ያውቃል።