ሽንኩርቱ ሲሸጥ

ጠዋት ጣርማ በር ላይ የደረብኩትን ጃኬት ሸዋ ሮቢት ላይ አውልቄ፣ ጀውሃ ስደርስ ሸሚዜም ከብዶኝ ነበር። ከወንዙ ብዙ ሳንርቅ፣ ከሽንኩርት ማሳ ዳር ካለ ግራር ሥር ከአንድ ሰው ጋር ተቀመጥን። መጠይቄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ለሰውየው የለመድኩትን ጥያቄ አቀረብኩ፦ «ዋና ሥራዎ ምንድን ነው?» ቅጹ ለመልሱ ያዘጋጀው ሳጥን አንድ ብቻ ነው።

«የትኛውን ልንገርህ፣ ልጄ?» አሉና በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። አንዲት ጥማድ መሬት አለቻቸው፤ በሬ ስለሌላቸው ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥተዋታል። የሰው ፍየል በርቢ ያረባሉ። ሽንኩርት ሲደርስ ነቀላ፣ አይሱዙ ሲመጣ ጭነት ይውላሉ። ማሾ ሲደርስ ወደ ማሾ ለቀማ ይዞራሉ።

«ከእነዚህ ሁሉ ብር የሚያስገኝልዎት የትኛው ነው?» ብዬ ላጠብበው ሞከርኩ።

«የሽንኩርቱ ነው። ግን ገና አልተከፈለኝም።»

«መቼ ይከፈልዎታል?»

«ሽንኩርቱ ሲሸጥ።»

«የቀን ሠራተኛ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ገጹን ገለጥኩ። ያን ቀን ከታቀደልኝ በላይ ቅጽ ሞልቼ ስለገባሁ ራሴን ጎበዝ አድርጌ ነበር የማየው። የሰውየው መልስ የገባኝ ማታ፣ ሸዋ ሮቢት አልቤርጎ ውስጥ ቅጾቹን ስመረምር ነው።

ሽንኩርት እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ ቀን አይጠብቅም፤ በዚያ ሙቀት ውሎ ሲያድር ይበሰብሳል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያወጣ ደላላው የጠራውን ዋጋ መቀበል ግድ ይሆናል። ባለ ማሳው ለዘሩ፣ ለማዳበሪያው፣ ለውኃ መሳቢያው ነዳጅ ገንዘቡን አስቀድሞ አውጥቷል፤ ነዳጅ ሻጭ «ስትሸጥ ትሰጠኛለህ» አይልም። ሊቆይ የሚችለው ወጪ የሠራተኛው ቀን ብቻ ነው። ዋጋ ሲወድቅ ሠራተኛው «ትንሽ ታገሠኝ» ይባላል፤ ዋጋ ሲሰቀል ግን የሚሰጠው ያው የተስማማበት ሒሳብ ነው። ሰውየው ከትርፉ ድርሻ የላቸውም፤ በኪሳራው ግን ሸሪክ ናቸው። እኔ «የቀን ሠራተኛ» ብዬ የመዘገብኳቸው ሰው በወጉ ቢታዩ አበዳሪ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ፣ ቀኑ ላልታወቀ ጊዜ ያበደሩ። ቅጼ ውስጥ ግን ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልነበረም።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነጥቦች የያዘ የተፈረመበት ወረቀት ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ ወረቀቱ ባይሰጥ እንኳ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በጊዜያዊ ሥራ ለሚያድር ሰው በጎ አንቀጽ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ይህንኑ ለሰውየው ብነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «እሱና እኔ አንድ ዕድር ነን» አሉኝ። ባለ ማሳው ነገ ሥራ የሚጠራቸው፣ ልጅ ሲታመም የሚያበድራቸው፣ ሲሞቱም የሚሸከማቸው ነው። የስድስት ቀን ሒሳብ ለማስከፈል ይህን ሁሉ የሚያፈርስ የለም። ጀውሃ ላይ የሥራ ዋስትና የሚባል ነገር ካለ ያለው እዚሁ ዝምድና ውስጥ ነው፤ ደመወዙን የሚያዘገየውም ያው ዝምድና ነው። አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማረም እንዴት እንደሚቻል የሚያስብ ሕግ አውጪ መጀመሪያ ይህን ቋጠሮ ማየት አለበት፤ እንዲያየው ማድረግ ደግሞ የኛ የአጥኚዎቹ ሥራ ነው።

መለኪያዎቻችን ግን ለዚህ አልተበጁም። በዓለም የሥራ ድርጅት መለኪያ ባለፉት 7 ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ 1 ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ ካላቸው ይቆጠራል። አገርን ከአገር ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ የተሠራችው ሰዓት ተከፍሎባት እንደሆነ ግን አይናገርም። የድህነት ቁጥራችንም እንዲሁ ነው። በአገር አቀፉ የቤተሰብ ገቢና ፍጆታ ጥናት መሠረት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆነ። ወለሉ የተሰላው ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ የሚያስገኝ ምግብና ሌላ አስፈላጊ ነገር ስንት ያስወጣል ተብሎ ነው። ወደ ላይ የተሻገረው ሰው በስንት ቀን ሊመለስ እንደሚችል ግን ከዚህ ቁጥር አይነበብም።

ይህን ቀድመው ያዩ ነበሩ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ጋር ሆኖ በ15 መንደሮች 1,477 ቤተሰቦችን እየተመላለሰ አጥንቷል። አንዷ መንደር እዚሁ ጎረቤት፣ በአንኮበር በኩል ያለችው ቆላማዋ ዲንኪ ናት። ኢኮኖሚስቶቹ ስቴፋን ዴርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን በ18 ወር ውስጥ የተደረጉትን ሦስት የጥናቱ ዙሮች ሲያስተያዩ፣ ያው ቤተሰብ በአንዱ ወቅት ድሃ፣ በሌላው ድሃ ያልሆነ ሆኖ በብዛት አገኙት። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሀብ ተጋላጭነት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ድርቅ ብቻውን ረሀብ እንደማይሆን፣ ገበሬው አስቀድሞ መከላከያ አጥቶ እንደሚጠብቀው አስረድተዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቼምበርስ ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. የኛን የአጥኚዎችን አመል አጋለጠ፦ አስፋልት ሳንለቅ፣ በበጋ፣ መንገዱ ሲደርቅና ጎተራው ሲሞላ ነው የምንሄደው። ጀውሃ የደሴ መንገድ ላይ ናት። የሄድኩትም ኅዳር ላይ፣ ማሽላ ሲቆረጥ ነበር።

ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ነሐሴ ላይ ተመለስኩ። የዓመቱን ዑደት ከሰዎቹ ጋር ለመሳል አንዲት እናት ደጅ መሬት ላይ 12 ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ አንድ እፍኝ ማሾ ሰጠኋቸውና ቤት ውስጥ እህል በበዛበት ወር ብዙ፣ ባነሰበት ጥቂት ፍሬ እንዲጥሉ ጠየቅኋቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ዘገኑበት። ከሚያዝያ በኋላ በጣት መቁጠር ጀመሩ። ሐምሌ ላይ ሁለት፣ ነሐሴ ላይ አንድ ፍሬ ጣሉና ቀና አሉ፦ «ጳጉሜንን የት አደረግኸው?»

አፈርኩ። ያደግሁት በዚሁ አቆጣጠር ሆኖ ሳለ ከመጠይቁ 12 ወር አልፌ አላሰብኩም። አሥራ ሦስተኛውን ራሳቸው በአውራ ጣታቸው ቆፈሩት፤ ፍሬ ግን አልጣሉበትም። የአሮጌው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፣ የልጆች ደብተርና የበዓል ወጪ በር ላይ ነው። ፍየል ያለ ዋጋዋ የምትሸጠው፣ ገና ያልደረሰ ማሾ በብድር የሚያዘው በእነዚያ ቀናት ነው። ከዚያ ወዲህ 12 ወር ብቻ የያዘ መጠይቅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጨምረው ጳጉሜንን ነው።

የዚህ ሙያ ትልቁ ትምህርት መጠየቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መቆየት ኖሯል። በዚሁ በይፋት «ኑሮ እንዴት ነው?» ብትል መልሱ «አልሐምዱ ሊላህ» ወይም «ተመስገን» ነው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርግ አይቼ ቅጹን ቀስ ብዬ ዘጋሁበት። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፤ ለኛ የሚሆነው መልስ ገና ነው። በአቦል ተመስገን ይባላል። በቶና የታመመው ልጅ ይነሣል። ዕዳው የሚመጣው በረካ ላይ ነው፤ በአቦሉ ተነሥቶ የሄደ አጥኚ ዕዳ የሌለበት መንደር አይቶ ይመለሳል።

በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ «ሽንኩርቱ ሲሸጥ» የሚለው ቃል ነበር። መኪና ካልመጣ ሽንኩርት አይነሣም፤ ሽንኩርት ካልተነሣ ቀድሞ የተሠራው ቀን አብሮ ይቀራል። ባለ ማሳው የጠፋበትን ማሳ ቆጥሮ ያሳያል። ያልተከፈለ ቀን ግን ከጉዳት መዝገብ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?

በነሐሴው ዙር እኒያን ሰውም አግኝቻቸው ነበር። የኅዳሩን ሒሳብ ጥር ላይ፣ ጎደሎውን ተቀብለዋል። ጨርሼ ወረቀቴን ስሰበስብ፣ «ያንተስ ሥራ? መቼም የመንግሥት ደመወዝ ነው» አሉኝ። አለመሆኑን ነገርኳቸው። የሦስት ወር ውል ነው፤ ኢንሹራንስ የለውም፤ ሒሳቡ በቅጽ ብዛት ነው፤ ግማሹ የሚከፈለውም ያሠራኝ ድርጅት ሪፖርቱን አስረክቦ ገንዘቡን ሲቀበል ነው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከልባቸው ሳቁ፦

«እና አንተም ሽንኩርቱ ሲሸጥ ነዋ!»

አብሬያቸው ሳቅሁ። በመልሱ መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። ኅዳር ላይ ያን ያህል ያጣደፈኝ፣ የአምስት ሥራ ሰው በአንዲት ሳጥን እንድከት ያደረገኝ በቅጽ የሚከፈለው ውሌ ነበር። የሥራ ዋስትና ማጣትን የሚለካው ሰው ራሱ ዋስትና ከሌለው፣ ጥድፊያው ቁጥሩ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ግን አያየውም።

አሁን መጠይቅ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከ«ዋና ሥራ» ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ አስገባለሁ፦ ሠርተው ያልተከፈለዎት ቀን አለ? ስንት ቀን? ክፍያው ምንን እየጠበቀ ነው? መረጃ ሰብሳቢዎቼንም በቅጽ መክፈል ትቼ በቀን እከፍላለሁ። ሥልጠናው ሲያልቅ፣ መኪና ከመሳፈራቸው በፊት፣ ሦስቱን ጥያቄዎች እርስ በርስ እንዲጠያየቁ አደርጋለሁ። ካለፈው ሥራው ያልተከፈለው ቀን የሌለው ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።