ስም መለወጥ ያልሸፈነው፦ «ድፍረት»ን ከአርጆ ሆኖ ማየት

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. «ድፍረት» አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ታዳሚው ቦታ ቦታውን ይዞ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ አንጀሊና ጆሊም ስሟን ሰጥታዋለች። አቤት ያለችው ግን ታሪኩ የራሷ የሆነ ሴት ነበረች። በልጅነቴ የደረሰብኝ ግፍ ያለ ፈቃዴ ፊልም ሆነብኝ አለች። በኋላ ፊልሙ በአገር ቤት ታየ። ስለ «ድፍረት» ሲነሳ ይህ ክርክር በመንገድ ላይ ያጋጠመ እንቅፋት ተደርጎ ይታለፋል። እኔ ግን ፊልሙ ከዚህ መመዘን አለበት እላለሁ። የሴትየዋ ስም በብዙ ቦታ ቢጻፍም እዚህ አልጽፈውም።

ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ የሚተርከው እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ በደረሰ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ወደ አምስተኛ ክፍል በተዛወረችበት ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስሟ ቀርባለች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች የነበረችው መዓዛ ከዓመታት በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና ሠርታለች። ሜሮን ጌትነት በእርጋታ ተጫውታታለች። የፊልሙ ጉልበት ያለው ግን ሂሩትን በምትጫወተው በትዝታ ሀገሬ ዝምታ ውስጥ ነው። ጣቢያ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ከላይ ሆነው ሲጠይቋት ልጅቷ አትመልስም። ካሜራውም እንድትናገር አይገፋፋትም። ፊልሙ ለልጅ ያለው አክብሮት የታየው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉ ተደርገው አልተሳሉም፤ ደም እንዳይፋሰስ የሚለፉ ሰዎች ናቸው። ልጅቷን ግን ማንም አይጠይቃትም። ወለጋ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሸንጎ ያውቀዋል። ጃርሱማ የሚባለው ይህ የሽማግሌዎች ዕርቅ ብዙ ቂም አብርዷል፤ በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ሲገጥመው ግን የሚጠብቀው የቤተሰብን ገመና ነው። በጊዜው ሕጉም ያግዘው ነበር፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። መውጫው የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ምስጢር ወንጀለኛን እንዴት እንደሚሸፍን «ድፍረት» አሳምሮ አይቷል። ተበዳዩን ልጅ የሚሸፍነውን ሌላውን ምስጢር ግን አላየውም፤ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

ነገሩን ወደ አርጆ እናምጣው። ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ልጅን ለመለየት ስም አያስፈልግም። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በእንዲህ ያለው ሳምንት ከትምህርት የቀረች፣ አባቷ በእንዲህ ያለው ሰፈር የሚኖር ከተባለ ገበያው ሁሉ ያውቃታል። ዘረሰናይ የልጅቷን ስም ለውጧል፤ የጠበቃዋን ስም፣ ዘመኑን፣ አጠላለፉንና የተኩሱን ነገር ግን እንዳለ ትቶታል። እንዲህ ያለ ሽፋን የሚከልላት ከማያውቋት ሰዎች ብቻ ነው። የምትፈራው ደግሞ የሚያውቋትን ነው።

መዝገቡስ? ሂሩት በአንድ ጊዜ ተከሳሽም ተበዳይም ናት። ስለ መግደሏ የሚጠናቀረው መዝገብ ስለ መደፈሯም ያወራል፤ የሐኪሙ ማስረጃ ለሁለቱም ይፈለጋል። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሐኪምና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መረጃ ካልተለዋወጡ ጥቃቱ አይጣራም። ምስጢር ይጠበቅ በሚል ሰበብ መዝገቡን ከመርማሪ መደበቅ ከጃርሱማው ዝምታ የተሻለ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ስለ ወጣት ጥፋተኛው አስተዳደግ ወላጆችንና የትምህርት ቤት ተወካዮችን እንዲጠይቅ፣ የሕክምናና የማኅበራዊ ኑሮ ሪፖርቶችን እንዲያስቀርብ ይፈቅድለታል። ተገቢ ነው። ግን ሪፖርቱን ያቀረበው መምህር በማግስቱ በመምህራን ክፍል ውስጥ ምን ይላል? ጸሐፊዋ ፋይሉን የት ታስቀምጠዋለች? የልጅ ኑሮ የሚበላሸው ከችሎቱ ይልቅ በእነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ነው፤ «ድፍረት» ግን አንድም ጊዜ ካሜራውን ወደዚያ አያዞርም።

በችሎቱ ትዕይንት ላይ ያለኝ ቅሬታ ደግሞ ከዚህ ይጠነክራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 176 የወጣት ጥፋተኛ ጉዳይ በዝግ እንዲታይ፣ ከምስክሮች፣ ከባለሙያዎች፣ ከወላጅ ወይም ከአሳዳሪና ከበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካዮች በቀር ሰው እንዳይገባ ያዛል። አንቀጽ 175 ደግሞ ልጁ ሊሰማው የማይገባ ነገር ሲነገር ከክፍሉ እንዲወጣ ያደርጋል። ሕጉ የተጻፈው በንጉሡ ዘመን ነው፤ ኢትዮጵያ በኋላ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 17 ሕዝብና ጋዜጠኛ ከሕፃናት ችሎት እንዲርቁ ያስገድዳል። ፊልሙ ግን የልብ ምታችን እንዲጨምር ሲል ሂሩትን በሰው ፊት አቁሟታል። ጠበቃዋ ልጅ ናት እያለች የምትሟገትላት ሂሩት፣ ልጅ በመሆኗ የሚገባትን ዝግ በር አላገኘችም። የድራማ ሕግ ሌላ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን ይህ ፊልም ስለ ሕግ ሊያስተምረን የመጣ ነው፣ የሚመሰገነውም በዚያው ነው። በዝግ ክፍል የሚካሄድን ክርክር፣ ከውጭ በር ላይ የምትጠብቅ እናትን ማሳየት ለጎበዝ ዳይሬክተር አያቅተውም ነበር።

ቋንቋውም አንድ ነገር ሸፍኗል። ታሪኩ የተፈጸመው ኦሮሚያ ውስጥ ሆኖ ሳለ ሽማግሌውም ፖሊሱም ልጅቷም በአማርኛ ይነጋገራሉ። ይህ ለተመልካች ሲባል ይታለፍ ይሆናል። ሆኖም በአፋን ኦሮሞ አፏን የፈታች ልጅ በሌላ ቋንቋ ስትመረመር በእሷና በመርማሪው መካከል አስተርጓሚ ይገባል። በትንሽ ከተማ አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ወይም የአጥቂው ዘመድ ሊሆን ይችላል። የነቀምትና የአርጆ ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ መሥራታቸው ለልጆች ምስጢር የጠቀመውን ያህል ሲወራለት አልሰማሁም።

ሂሩት በዕድሜዋ ልጅ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ክርክር «ድፍረት» የዐቃቤ ሕጉ ጭካኔ ማሳያ አድርጎ ብቻ ተጠቅሞበታል፤ ነገሩ ግን ከአንድ ሰው ክፋት የሰፋ ነው። በወንጀል ሕጋችን ወጣት ጥፋተኛ የሚባለው ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሥርዓት ይዳኛል፤ ለወጣቶች የተሠራው ዝግ ችሎትም መብቱ መሆኑ ይቀርና በዳኛው ፈቃድ ላይ ይወድቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ችሎትን መዝጋት እንደሚቻል ይላል፤ ይቻላል ይላል እንጂ ይዘጋል አይልም። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደች ልጅ ዕድሜዋን የሚያስረዳላት ብዙውን ጊዜ የሐኪም ግምት ነው። ሐኪሙ 14 ብሎ ከጻፈ በሩ ይዘጋላታል፤ 16 ካለ ግን ስለ ሰውነቷ የሚነገረውን ጎረቤቶቿ ቁጭ ብለው ሊያዳምጡ ይችላሉ።